አኩርሲዮና የረጋጮቹ ገንዳ

አኩርሲዮ ወደ ተወለደበት ከተማ ወደ ሞንቴላውሮ የተመለሰው በስልሳ ዓመቱ፣ በእግሩ፣ የመጋቢት ዝናብ እየወረደበት ነው። ወገባቸውን በገመድ ከሚታጠቁት፣ በድህነት ከሚኖሩት መነኮሳት ወገን ስለሆነ ፈረስም በቅሎም አይቀመጥም፤ ካልታመመ በቀር ደንቡ አይፈቅድለትም። ታመምኩ ማለት ደግሞ አይሆንለትም። ሦስት ቀን ሙሉ ቀኝ ጉልበቱን እያባበለ ከወደቡ ከተማ ከአንኮና ተጓዘ። መጻሕፍቱንና ያላለቀውን ሥራውን በሁለት የቆዳ ከረጢት ከፍሎ፣ አንዱን እሱ፣ አንዱን ወንድም ሩስቲኮ ተሸክመው ኮረብታውን ወጡ።

ሩስቲኮ ቅስና ያልተቀበለ፣ ማንበብ የማያውቅ፣ ዕድሜውን በገዳም ወጥ ቤት የጨረሰ መነኩሴ ነው። መነኩሴ ብቻውን መንገድ አይወጣምና ለአኩርሲዮ ጓደኛ ተብሎ ከተሰጠ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አንዱ ስለ እግዚአብሔር ሲያስተምር ሌላው ባቄላ ሲቀቅል፣ ስድስት ገዳም አብረው ዞረዋል።

"ምን ብትጽፍበት ነው እንዲህ የሚከብደው?" አለ ሩስቲኮ፣ ከረጢቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ። "ስለ መላእክት ከሆነ እንኳ ቀላል ናቸው ይባላል።"

"ስለ ጸጋ ነው።"

"ጸጋው እኔ ጋ አልደረሰም። የደረሰኝ ክብደቱ ነው።"

አኩርሲዮ አልሳቀም። ለመሳቅም ትንፋሽ ይፈልጋል።

አባቱ ሱፍ ረጋጭ ነበር። ከከተማው ግርጌ፣ ቦዩ አጠገብ፣ ከሽማኔ የመጣውን የሱፍ ጨርቅ በትልቅ የእንጨት ገንዳ ዘፍዝፎ፣ በቆየ ሽንትና በነጭ አፈር እየረገጠ ቅባቱን የሚያወጣ፣ ጨርቁን የሚያጠብቅ። የረጋጭ እግር ይታወቃል፤ ጥፍሩ ይነጣል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ሽታው በሰንበትም አይለቅም። ልጆች አኩርሲዮን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከመነኮሳቱ በር ሄዶ ሲያንኳኳ፣ ከአምላክ ፍቅር ጋር የዚያ ሽታ ነገርም አብሮት ነበር። ይህን ለማንም ተናዞ አያውቅም። ኃጢአት መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም።

ጭንቅላቱ ጥሩ ስለነበር በሃያ አራት ዓመቱ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ላኩት። ስልሳ ሁለት ቀን በእግሩ ሄደ። አራት ዓመት ተማረ፣ ተከራከረ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ አንድ የመምህርነት ወንበር ክፍት ሆነ። ለወንበሩ የታሰቡት ሁለት ነበሩ፤ የተቀመጠበት ግን ሌላው ሆነና አኩርሲዮ የመጣበትን መንገድ ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የኖረው በየትንንሹ ገዳም ወጣት መነኮሳትን እያስተማረ ነው። ትምህርቱ በሁለት ዓመት አንዴ ያልቅና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ተማሪ አፉን ሲከፍት የሚጠይቀውን ያውቀዋል። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይሰጣል። ተማሪዎቹ ይህን ሊቅነት ይሉታል፤ እሱ ግን ድካም መሆኑን ያውቃል።

ስለ ጸጋ የሚጽፈውን መጽሐፍ የጀመረው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በስልሳ ዓመቱ ሩቡ ይቀረው ነበር።

የሞንቴላውሮ ገዳም አለቃ አባ ኦዶሪሲዮ ቀጭን፣ ነገር የሚያጣድፉ ሰው ናቸው። አኩርሲዮ እግሩን ሳይታጠብ ሰባት ተማሪዎች እንዳሉት ነገሩት። ከሰባቱ ሁለቱ እንደሚያንቀላፉም አልደበቁትም። "በሚመጣው ዓመት በጰራቅሊጦስ የአውራጃው ጉባኤ አለ" አሉት። "መጽሐፍዎን ሁለት መርማሪዎች እንዲያዩት ተወስኗል። አሁንስ ይለቅ፣ አባ መምህር። ወንድሞች ሲጠብቁት አርጅተዋል።"

"እኔም" አለ አኩርሲዮ።

በሦስተኛው ቀን ሩስቲኮን አስከትሎ ወደ ቦዩ ወረደ። ታላቅ እህቱ ዲቪዚያ እዚያው በአባታቸው ቤት ትኖራለች። ባሏ ቬንቱራም ረጋጭ ነበር፤ ከሞተ ስምንት ዓመቱ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቿ አሁን ገንዳውን ይረግጣሉ። አኩርሲዮን በሕፃንነቱ በጀርባዋ ያዘለችው እሷ ናት። በመካከሉ ባለፉት አርባ ዓመታት የተያዩት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው።

ከደጃፏ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"እንዴት አረጀህ በማርያም!" አለች። "የእኔ ታናሽ ነህ እኮ። ሰው ሲያይህ እኔን ምን ሊለኝ ነው?"

"እትዬ፣ አስገቢኝ። ጉልበቴ ሊከዳኝ ነው።"

"ግባ። አንተም ግባ፣ የወጥ ቤቱ ሰው። ጠረናችን ካላስቸገራችሁ።"

"እኔ ከሃያ መነኩሴ ጋር ነው የምተኛው" አለ ሩስቲኮ። "የናንተ ሽቶ ነው።"

ዲቪዚያ ስትስቅ ሦስት ጥርስ ብቻ ታየ። የባቄላ ገንፎ በሽንኩርትና በወይራ ዘይት ሰጠቻቸው። ሩስቲኮ ቀመሰና ጨው በዝቶበታል አለ። "የገዳም አፍ" ብላ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ይወርዱ ነበር። አኩርሲዮ እዚያ ሲቀመጥ ስለ ምንም አይጠየቅም፤ ያ ብቻውን ዕረፍት ነበር።

ጥያቄው የመጣው በግንቦት ነው። ልጆቿ ጨርቅ ለማስጣት ወደ መስኩ ወጥተዋል፣ ሩስቲኮም አብሯቸው ሄዷል። ዲቪዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ታባዝታለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው ቀና ሳትል።

"ጠይቂኝ።"

"ግን እንዳትቸኩልብኝ። እናንተ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ታመጣላችሁ።"

አኩርሲዮ ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ።

"ፓሪስ ሳለህ አንዲት ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። ከሁለቱ ወንዶች በኋላ።"

"አልሰማሁም።"

"ማን ይጽፍልሃል? እኔ አልጽፍ፣ ቬንቱራ አይጽፍ።" ሱፉን በጣቶቿ እየፈለቀቀች ቀጠለች። "ቀኗ አልደረሰም ነበር። ጨርቅ ተሸክሜ ስገባ እዚያው ገንዳው አጠገብ ምጡ ያዘኝ። አዋላጇ ጎረቤት ስለነበረች ደረሰችልኝ። ልጅቷ ወጣች። ትንሽ፣ እንዲህ። ትተነፍስ ነበር፤ ግን ትንፋሿ እንደ ጫጩት። አዋላጇ 'ውኃ! ቶሎ ውኃ፣ ትጠመቅ!' አለች። ነሐሴ ነው፣ በሙቀቱ ቦዩ ደርቋል፣ እንስራዬ ባዶ ነው። ያለው የገንዳው ብቻ ነበር። እዚህ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት።"

ሱፉን አስቀመጠችው።

"አዋላጇ ገንዳውን አየችው። 'ይሄ ሽንት ነው፣ በዚህ የሥላሴን ስም አልጠራም' አለች። ባልዲ ይዛ ሽቅብ ወደ ጉድጓዱ ሮጠች። ወፍራም ሴት ነበረች፣ ግን ሮጠች። ስትመለስ ልጅቷ በርዳለች።"

"እትዬ…"

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቃሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ማንም ክርስቲያን ያውቀዋል። እጄን ብዘረጋ ገንዳው ይደርሰኝ ነበር። አዋላጇ አይሆንም ስላለች ነው የተውኩት። ቄሱም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቅበሯት አለ። ልጅሽ የእግዚአብሔርን ፊት አታይም፣ በሲኦል ዳርቻ ነው የምትቀመጠው፣ ግን አትሠቃይም አለኝ። እሺ አልኩ። እኔ የምጠይቅህ ይሄን አይደለም። የምጠይቅህ የገንዳውን ውኃ ነው። ይሆን ነበር ወይስ አይሆንም ነበር?"

መልሱ አፉ ላይ ነበር። ለዓመታት ለተማሪ ሲሰጠው የኖረ መልስ ነው፤ ሳያስበው ይወጣል። አፉን ዘጋው።

"ልመልከተው" አለ።

"መጽሐፍህን?"

"አዎ።"

"ተመልከተው። ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ትንሽ ብጨምር አይገድለኝም።"

ገዳም እንደገባ ከፓሪስ ይዞት የመጣውን የድሮ ጥራዝ ከከረጢቱ ሥር አወጣ። ገጹን ወዲያው አገኘው። ያኔ ወጣቶቹ በጠራ ውኃ ካልሆነ በምን በምን መጠመቅ ይቻላል እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ በሾርባ፣ በወይን ጠጅ፣ በጭቃ ውኃ። መልሱ ቀላል ነበር፦ የተደባለቀው ነገር የውኃውን ባሕርይ ካሸነፈው፣ ያ ውኃ አይደለም፤ ጥምቀቱም ጥምቀት አይደለም። አኩርሲዮ ከዚህ ሥር በራሱ እጅ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ቀጥ ባለ ጽሑፍ፣ አንድ ምሳሌ ጨምሮ ነበር። "በረጋጮች ገንዳ የተጠመቀ አልተጠመቀም፤ ሽታው ምስክር ነውና።"

ያን ቀን ክፍሉ እንዴት እንደሳቀ አስታወሰ። ከማን እንደተወለደ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። አንዱ ጀርመናዊ ጠረጴዛ እስኪመታ ስቆ ነበር።

ጥራዙን ዘጋና እጁን በላዩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የልጅቷ ሞት ከዚህ ዓረፍተ ነገር በፊት ይሁን በኋላ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ባያውቀውም ይሻላል ብሎ አሰበ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሙቀት ወቅት ከባድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ያስተምራል፣ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ሊቀጥል ይቀመጣል፣ ላባውን ይነክራል፣ ቀለሙ ላባው ላይ ይደርቃል። የሚያስጨንቀው መልስ ማጣቱ አልነበረም። ሁለት መልስ ነበረው፤ ሁለቱም ያቆስላሉ። "ያ ውኃ ይሆን ነበር" ቢላት፣ ልጇ በአንድ ክንድ ርቀት የጠፋችው እጇን ስላልዘረጋች ነው ማለት ነው። "አይሆንም ነበር" ቢላት፣ ምንም ልታደርግ አትችልም ነበር፣ ልጅቷም በሩ ከመጀመሪያውም ተዘግቶባት ነበር ማለት ነው። የትኛው እንደሚቀላት ሲያስብ፣ እውነቱን መፈለግ ትቶ የሚቀለውን ሲመርጥ ራሱን ያገኘዋል። ያን ጊዜ ይነሣና ግቢውን ይዞራል።

አንድ ቀን ብቻውን መሄድ ስለማይችል ሩስቲኮን ቀስቅሶ ወደ ገንዳዎቹ ወረደ። ዲቪዚያ ገበያ ነበረች። ታላቁ ልጇ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ባቱ ገንዳው ውስጥ ቆሟል።

"ልጄ፣ በዚህ ውስጥ ሽንቱ ምን ያህል ነው? ውኃውስ?" አለው አኩርሲዮ።

ልጁ መርገጡን አቆመ። "አባ፣ ለምን ፈለጉት?"

"ለትምህርት።"

"እንደ ቀኑ ነዋ። ጠዋት አዲስ ስንሞላ እኩል ይሆናል። ከዚያ አፈሩ ይገባል። በሙቀት ጊዜ ሲጎድል ውኃ እንጨምርበታለን። በነሐሴ እንዲያውም አብዛኛው ውኃ ነው፤ ሽታው ግን ያው ነው።"

አኩርሲዮ የገንዳው ጠርዝ ላይ እጁን አሳረፈ። በነሐሴ አብዛኛው ውኃ። ከፓሪስ እስከ አንኮና ያስተማረውን ነገር፣ አንድ ረጋጭ ጠይቆ ሊያጣራው ይችል ነበር። አባቱን ሊጠይቅ ይችል ነበር። የዚያን ቀን ገንዳው በስንት ሰዓት ተሞልቶ እንደነበር፣ ተጨምሮበት እንደሆነ፣ አሁን ማን ይነግረዋል? እህቱን ይጠይቃት? ይህን ሲያሰላ በራሱ አፈረና ዘወር አለ።

"ትምህርቱ ምንድነው ቢሉኝ ምን ልበል?" አለ ሩስቲኮ ዳገቱን ሲወጡ።

"ምንም አትበል።"

"እህትህ ግን ታውቃለች። የሸሸሃት መስሏታል። ባለፈው ሳምንት አንተ አልወርድም ብለህ ስትቀር እኔና የአለቃው አገልጋይ ስንሄድ፣ 'መጽሐፉ ምን አለ?' አለችኝ። 'ገና ነው' አልኳት። 'ምን ያህል ወፍራም ነው?' አለች። በእጄ አሳየኋት። 'ይሄን ሁሉ ጽፎ የእኔን ዘለለው?' አለችኝ።" ሩስቲኮ ቆም ብሎ ተነፈሰ። "ምን መመለስ ነበረብኝ?"

አኩርሲዮ አልዘለለውም፤ ከመዝለል የባሰ ነበር ያደረገው። ይህን ግን ለሩስቲኮ አልነገረውም።

ብርዱ ሲገባ፣ በኅዳር መጨረሻ፣ ላባውን አንሥቶ ሊጽፍ ያላሰበውን መጻፍ ጀመረ። ስለ ገንዳው አልጻፈም። ስለ ባልዲው ጻፈ። ጥያቄውን እንዲህ አቆመው፦ ልጅ እየሞተ ውኃ ፍለጋ የሮጠ ሰው ሩጫ፣ የእናቱም ምኞት፣ ለዚያ ልጅ ሊቆጠርለት ይችላልን? አዋቂ ሰው ጥምቀትን ፈልጎ በመንገድ ቢሞት ምኞቱ ይበቃዋል ይባላል። ሕፃን መመኘት አይችልም። እምነትን ግን ከሌላው አፍ ይዋሳል፤ ቄስ "ታምናለህን?" ሲለው የሚመልሱት ያቀፉት ናቸው። አፋቸውን ከተዋሰ እግራቸውን ለምን አይዋስም? ሦስት ቅጠል ሞላ። ለዓመታት እንዲህ ጽፎ አያውቅም፤ የዚህን ሊቅ የዚያን ሊቅ ቃል ሳይደረድር፣ እጁ ሳይቆም። ጨርሶ ሲነሣ ጉልበቱ መድረቁን እንኳ አላስተዋለም።

ለእህቱ ግን አልነገራትም። ሳይመረመር አይነገርም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነበር፤ አንድን ነገር ሳይፈቀድለት ተናግሮ አያውቅም።

በጰራቅሊጦስ ጉባኤው ወደሚደረግበት ገዳም አራት ቀን ተጓዙ። ከመርማሪዎቹ አንዱ አባ ላንፍራንኮ ነበር። አኩርሲዮ ከሃያ ዓመት በፊት ያስተማረው፣ ትጉ፣ ጨዋ፣ ዛሬ ራሱ ዓይኑ በንባብ የደከመ ሰው ነው። እስካሁን የተጻፈውን በሙሉ አንብቦታል። በገዳሙ የአትክልት ቦታ አግዳሚ ላይ አስቀመጠውና ቅጠሎቹን በጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

"አባ መምህር፣ ሥራው ታላቅ ነው" አለ። "ከሦስት ቅጠል በቀር አንድ የምነካው የለኝም።"

"የትኞቹን እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ያልተጠመቀ ሕፃን የእግዚአብሔርን ፊት እንደማያይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እዚያው ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።"

"አስተምሬሃለሁ። ያኔ አርባ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን አውቅ ነበር።"

ላንፍራንኮ ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። "ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይሆናል? መሮጡ ይበቃል ካልን፣ ማን ይሮጣል? አዋላጆቹ ነገ ባልዲውን ያስቀምጡታል።"

"ስህተት ነው?"

"ስህተት ነው አላልኩም። ማስረጃ የለውም። ከእርስዎ በፊት ይህን ያለ የለም።"

"አንድ ሰው መጀመሪያ ማለት አለበት።"

"አባ፣ እርስዎ እንዲሆኑ አልፈልግም" አለ ላንፍራንኮ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሌላው መርማሪ እኔን አይመስልም። ሦስቱ ቅጠሎች ከተፋቁ ቀሪው ያልፋል፤ ካልተፋቁ መጽሐፉ በሙሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። የሠላሳ ዓመት ድካምዎ ነው። እባክዎ።"

አኩርሲዮ የአትክልት ቦታውን ተመለከተ። አንድ መነኩሴ ጎንበስ ብሎ ጎመን ይኮተኩታል። ለመከራከር የሚሆን ቃል ነበረው፤ በፓሪስ ቢሆን አንድ ሳምንት ያከራክር ነበር። ቃሉን ከውስጡ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ፈለገ፤ አላገኘውም። መታዘዝን ምሎ የገባ ሰው ነው። መሐላውም ድካሙም አንድ ላይ ሲመጡ የትኛው እንዳሸነፈው መለየት አልቻለም።

"ቢላውን ስጠኝ" አለ። "እኔው እፍቀዋለሁ።"

መፋቁ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ብራናውን በሰሌዳ ላይ ወጥሮ ቀለሙን በቢላ ያነሣል፣ ከዚያ በሻካራ ድንጋይ ያለሰልሳል። ሩስቲኮ አጠገቡ ተቀምጦ ብናኙን በእጁ ይጠርግለት ነበር።

"ምን የሚል ነበር?" አለው በሁለተኛው ቀን።

አኩርሲዮ በላቲን የጻፈውን በሰፈራቸው ቋንቋ ነገረው። አጭር ሆነ።

ሩስቲኮ አገጩን አከከ። "ይሄን ለመናገር ነው ሦስት ቅጠል የፈጀኸው?"

"አዎ።"

"እኛ ወጥ ቤት ያለነው ይሄን ሁልጊዜም ነው የምናስበው። ማንም ስላልጠየቀን ነው።" ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ፣ "ቢላው ደንዟል፤ አምጣው ልሳልልህ" አለና ወሰደው።

ሞንቴላውሮ ሲደርሱ አኩርሲዮ ወደ ገዳም ሳይወጣ በቀጥታ ወደ ቦዩ ሄደ። ዲቪዚያ የታጠበ ጨርቅ በችንካር ላይ ትወጥራለች። ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል። ልብሱ አቧራ ለብሶ ስታየው በርጩማ አምጥታ አስቀመጠችው።

"እትዬ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ።"

"አውቃለሁ። እኔም ቆጥሬያለሁ።"

ሁሉንም ነገራት። በፓሪስ ስለ ገንዳው ያለውን፣ እንዴት እንደሳቁ ጭምር። ያን ሲናገር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ስለ ባልዲውና ስለ ሩጫው የጻፈውን፣ ላንፍራንኮ ያለውንና ቢላውንም ነገራት።

"ፋቅከው?"

"ፋቅኩት።"

"በገዛ እጅህ?"

"በገዛ እጄ።"

ዲቪዚያ ችንካሮቹን በቀሚሷ ኪስ ጨመረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ነበር። "በአባታችን ገንዳ ሳቅክ ማለት ነው" አለች።

"ሳቅኩ።"

"በዚያ ገንዳ ነው ያደግከው፣ የእሱን ዳቦ የበላኸው።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

የተወጠረውን ጨርቅ ጫፍ ሳብ አድርጋ አስተካከለች። ከዚያ፣ "እሺ፣ እሱ ይቅር። አሁን ምን ትላለህ? መጽሐፉን ተወው። አንተ፣ ያ ውኃ ይሆን ነበር? ልጄስ የት ናት?" አለችው።

አኩርሲዮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዘለቀው መምህርነቱ ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ፈለገ።

"አላውቅም" አላት። "ስለ ውኃውም አላውቅም። ስለ እሷም አላውቅም። የጻፍኩት ልክ ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ማወቅ ግን አላውቅም።"

ዲቪዚያ ቁጭ አለች፤ በርጩማው የእሱ ስለነበረ መሬቱ ላይ።

"ሁሉም ያውቁ ነበር" አለች። "ቄሱ ያውቃል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰበበትም። አዋላጇ ታውቃለች። የቬንቱራ እናት በየበዓሉ እየመጣች ይቺ እንኳ አልታደለችም ትለኝ ነበር፤ እሷም ታውቃለች። እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቅ። ሞኝ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።" ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። "ፓሪስ ደርሰህ፣ ይሄን ሁሉ አንብበህ፣ አንተም እንደኔ አታውቅም?"

"እንዳንቺ አላውቅም።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ጮክ ብላ፣ እንደ ወጣት ሴት። ታናሹ ልጇ ደንግጦ ከውስጥ ወጣ፤ ሩስቲኮ በእጁ ምልክት መለሰው። አኩርሲዮ ከበርጩማው ወርዶ አጠገቧ ሊቀመጥ ሞከረ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው እንደ ምንም ተንሸራቶ ወደቀ፣ እዚያው ቀረ። እጇን ያዘ። ሻካራ ነው፤ ከአፈሩና ከሽንቱ ብዛት ጥፍሯ ነጥቷል።

ሲበቃት አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠረገችና በአገጯ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በኩል አመለከተችው። ልጅቷ የተቀበረችው ከዚያ ወዲህ፣ ከቦዩ ዳር ነበር፤ አሁን ጨርቅ መወጠሪያ ቆሞበታል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። አኩርሲዮም አላደረገም። ሁለቱ እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጡ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ያ ለማንም አልተከለከለም።

"ስም አውጥተሽላት ነበር?" አላት።

"በልቤ።"

"ማን?"

ነገረችው። እሱም ለማንም አልነገረም።

ተነሣ ሲሉት መነሣት አልቻለም። ሩስቲኮ በአንድ ብብቱ፣ የእህቱ ልጅ በሌላው ገብተው አቆሙት። "አባ መምህርን ጨርቁ ጋ እንወጥረው?" አለ ሩስቲኮ። "ትንሽ ይስተካከል ይሆናል።" ዲቪዚያ በእንባዋ መካከል ሳቀች።

አኩርሲዮ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። መጽሐፉ ፈቃድ አግኝቶ ነበር፤ የቀረውን ሩብ ግን አልጻፈውም። አባ ኦዶሪሲዮ ሲያጣድፉት "ነገ" ይል ነበር፤ ወደ ኋላ ላይ እሱንም ተወው። ማስተማሩን ቀጠለ። ተማሪዎቹ መምህሩ እንደ ድሮ አይደሉም ብለው ያሙት ጀመር፤ ጥያቄ ጠይቀው መልስ ሲጠብቁ ዝም ብሎ መስኮቱን ያያል፣ አንዳንዴም ጥያቄውን እንዲደግሙለት ይለምናቸዋል። በመጨረሻው ዓመት ትምህርቱን ከመጀመሪያው እንዲደግሙ የተደረጉት እነዚያ ሁለት አንቀላፊዎች ነቅተው ነበር፤ ከድካሙ የተነሣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር ጠጋ ብለው ካልሰሙት አይሰማም።

በጥቅምት፣ በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለበት ሞተ። መነኮሳቱ ከውስጥ ቅጥር ቀበሩት። ሴት ወደዚያ አትገባምና ዲቪዚያ መቃብሩን አላየችም። መጽሐፉን በሳጥን አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲያ ያነበበው እንዳለ አልተሰማም።

ዲቪዚያ ግን በየሰንበቱ ዳገቱን ትወጣ ነበር። ገዳሙ በር ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ታርፋለች፤ ሩስቲኮም ከወጥ ቤት ሳህን ይዞ ይወጣል። በዚያ ያለፈ ሰው ሁሉ ሁለቱን አረጋውያን ባቄላ ውስጥ ጨው የሚገባው መቼ እንደሆነ፣ ሲፈላ ነው ሲበስል ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ ያገኛቸዋል።